ሕንፃው ምድብ አለው፤ ብረቱን የሚያቆመው ሰውስ?



ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና፣ ከዚያም ወደ ቤቴልና ወደ ዓለም ባንክ በታክሲ የሚመላለስ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አይውልም። በመንገዱ ግራና ቀኝ መጋዘን ይቆማል፣ የነዳጅ ማደያ ጣሪያ ይዘረጋል፣ የአዳራሽና የገበያ ማዕከል ትራስ ይሰቀላል። ከመሬት አሥር ሜትር ከፍ ብሎ በተጋደመ ብረት ላይ አንድ ወጣት እግሩን አንፈራጦ ተቀምጦ ይበይዳል። ቀበቶ የለውም። በራሱ ላይ የደፋው ኮፍያ ከፀሐይ እንጂ ከአደጋ አያድነውም። ከታች ረዳቱ ቱቦላሬውን በገመድ አስሮ ይልክለታል። እኛም ከታክሲው መስኮት ቀና ብለን አይተን «ወይ ጉድ! ፈጣሪ ይጠብቀው» እንልና ወደየጉዳያችን እንሄዳለን።

ፈጣሪ ይጠብቀው ማለት ደግ ምኞት ነው። ነገር ግን አንድ መንግሥት፣ አንድ የከተማ አስተዳደር፣ አንድ የሕንፃ ባለቤትና አንድ ተቋራጭ የሠራተኛን ሕይወት በዚህ ምኞት ላይ ብቻ አስደግፈው ሊተዉት አይገባም። ስለዚህ በዚህ ርዕሰ አንቀጽ የምንጠይቀው ጥያቄ አጭር ነው። ያ ወጣት በዚህች ደቂቃ ቢወድቅ ማን ይከፍላል? ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ማን ነው? አካሉ ቢጎድል ልጆቹን የሚያሳድገው ማን ነው?

አንዳንድ ወገኖች «ምርጫ እየመጣ፣ የኑሮ ውድነቱና የሰላም እጦቱ እያለ፣ ስለ በያጅና ስለ ኢንሹራንስ የሚጻፍ ማኒፌስቶ ምን የሚሉት ነው?» ሊሉን ይችላሉ። እኛ ግን የኑሮ ጉዳይ ከዚህ የበለጠ የለም እንላለን። በኮልፌ ቀራንዮ ከየቤቱ አንድ ሰው በግንባታ ሥራ ያልዋለበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። በአጣና ተራ አጣና የሚያወርደው፣ በአየር ጤና ሼድ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይደው፣ በማለዳ አደባባይ ቆሞ የቀን ሥራ የሚጠብቀው ሁሉ መራጭ ነው።

በቅድሚያ ሕጉ ምን ይላል? ሕግ የለም እንዳንል፣ አለ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ኢትዮጵያ ስለ ሥራ ደህንነትና ጤንነት የወጣውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላለች። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377፣ እሱንም የተካው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1156፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋሉ። ሠራተኛው «አሠሪዬ አጥፍቷል» ብሎ የማስረዳት ግዴታ የለበትም። በሥራ ላይ እያለ መጎዳቱን ማሳየት ይበቃዋል። ይህ ትልቅ መብት ነው። የሚያሳዝነው፣ ብረት ላይ ከሚወጡት ወጣቶች መካከል ይህን መብት የሚያውቀው ጥቂት መሆኑ ነው።

መብቱ በብር ሲተመን ምን ያህል እንደሚሆን እናስላ። እንበልና አንድ በያጅ በወር 9,000 ብር ያገኛል። ከትራስ ላይ ወድቆ ወገቡን ተጎዳ፣ ለአንድ ዓመትም ከሥራ ውጪ ሆነ። በሕጉ መሠረት ሕክምናው በአሠሪው ወጪ ነው። መድኃኒቱ፣ ቀዶ ሕክምናው፣ ካስፈለገም ሰው ሠራሽ እግሩ ወይም መደገፊያው ጭምር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከደመወዙ 75 በመቶ፣ በቀሩት ስድስት ወራት ደግሞ 50 በመቶ ሊከፈለው ይገባል። ሲደመር 74,250 ብር ነው። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች «40 በመቶ የአካል ጉዳት ደርሶበታል» ብለው ከወሰኑና በጡረታ ሥርዓት ያልታቀፈ ከሆነ፣ የአምስት ዓመት ደመወዙ ማለትም 540,000 ብር ይያዝና የዚያ 40 በመቶ፣ 216,000 ብር ካሳ ይገባዋል።

በወረቀት ላይ ይህ መልካም ነው። ሆኖም ከወረቀቱ ወደ በያጁ እጅ የሚያደርሰው መንገድ በሦስት ቦታ ተቆርጧል።

የመጀመሪያው ደመወዙ ራሱ ነው። በርካታ አሠሪዎች በመዝገብ የሚጽፉት ደመወዝና በእጅ የሚሰጡት ገንዘብ አይገናኝም። ግብርና የጡረታ መዋጮ ለመቀነስ ሲባል 9,000 የሚያገኘው ሰው 3,000 ተብሎ ይመዘገባል፤ የቀረው «ትርፍ ሰዓት»፣ «አበል»፣ «የቁርጥ» እየተባለ በእጁ ይሰጠዋል። ሠራተኛውም ግብሩ ስለሚቀንስለት አይቃወምም። በጉዳት ቀን ግን ስሌቱ በመዝገቡ ላይ ባለው ሆኖ ያርፋል። ከላይ ያየነው 216,000 ብር ወደ 72,000 ይወርዳል። በየወሩ ጥቂት ብር ግብር ያተረፈ ሰው በአንድ ቀን 144,000 ብር አጣ ማለት ነው። ይህን ለሠራተኛ ወገኖቻችን ደግመን ደጋግመን ልንነግራቸው ይገባል።

ሁለተኛው «ሠራተኛ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። በብረት መዋቅር ሥራ ላይ ዋናው ተቋራጭ ብረቱን ራሱ አያቆምም። ለአንድ የብረት ባለሙያ በካሬ ወይም በኪሎ ቆርጦ ይሰጠዋል፤ እሱም ሰባትና ስምንት ልጆች ሰብስቦ ይመጣል። አደጋ ሲደርስ ተቋራጩ «እኔ አልቀጠርኩትም» ይላል። ሥራውን የወሰደው ሰው ደግሞ ከአንድ ብየዳ ማሽን፣ ከአንድ ግራይንደርና ከስልኩ በቀር ንብረት የለውም። ፍርድ ቤት ቢፈርድበትስ ከምኑ ይከፍላል? አዋጁ በራሱ ንግድ ወይም ሙያ ሥራ ተቀብሎ የሚሠራን ሰው ከሠራተኛነት ያወጣዋል። ይህ ለጠበቃና ለሐኪም ተብሎ የታሰበ ይመስላል። ዛሬ ግን ተቋራጮች ከኃላፊነት የሚወጡበት በር ሆኗል።

የባሰው ደግሞ የማኅበራቱ ጉዳይ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ሲጀመር ጀምሮ ወጣቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጁ ተባሉ። በብረታ ብረት፣ በብሎኬት፣ በበርና መስኮት ሥራ በየሼዱ ገቡ። ለዓመታት የሥራ ዕድል ፈጠርን ተብሎ በሪፖርት የተነገረላቸው እነዚህ ልጆች በሕግ ዓይን የማኅበሩ ባለቤቶች ናቸው እንጂ ሠራተኞች አይደሉም። ባለቤት ደግሞ ራሱን ሊከስ አይችልም። አምስት ልጆች ተደራጅተው የአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ለመሥራት ቢዋዋሉና አንዱ ቢወድቅ፣ ካሳ የሚጠየቀው ከአራቱ ጓደኞቹ ነው። መንግሥት በአንድ እጁ አደራጀን እያለ በሌላ እጁ ከሕግ ጥበቃ አውጥቷቸዋል። ይህ ሆን ተብሎ ተደረገ አንልም፤ ግን ይህን ያህል ዓመት ሳይታረም መቆየቱ ቸልተኝነት ነው።

ሦስተኛው ጊዜው ነው። ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ የገንዘብ ጥያቄ በአጠቃላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የተጎዳው ልጅ ግን የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት በአልጋ፣ የሚቀጥሉትን ደግሞ ሽማግሌ በመላክ ያሳልፋቸዋል። «ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፣ ሥራውን ሲጨርስ እከፍላለሁ ብሏል» እየተባለ ዓመቱ ያልፋል። ሽማግሌ መላክ ባህላችን ነው፣ አንነቅፈውም። ነገር ግን ይርጋ ሽማግሌ አይጠብቅም።

እዚህ ላይ አንድ የማይዘለል ነገር አለ። አዋጁ ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ ከተጎዳ አሠሪው አይጠየቅም ይላል። በመርህ ደረጃ አንቃወመውም። ዳሩ ግን «ቀበቶ አላሰረም» ብሎ የሚከራከር አሠሪ በመጀመሪያ ቀበቶውን ገዝቶ የሰጠበትን ደረሰኝ፣ ቀበቶው የሚታሰርበትን ገመድ የዘረጋበትን ቦታ ያሳይ። ብረት ላይ ለሚወጣ ሰው ቀበቶ ብቻውን ጌጥ ነው፤ የሚያያዝበት ከሌለ ከወገቡ ጋር አብሮ ይወድቃል።

ወደ ርዕሳችን እንመለስ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የአገራችንን ሕንፃዎች በሦስት ምድብ ከፍሏቸዋል። ምድብ «ሀ» አነስተኛ መኖሪያ ቤቶችን፣ ምድብ «ለ» በመካከል ያሉትን፣ ምድብ «ሐ» ደግሞ የሕዝብ መገልገያዎችን፣ ፋብሪካና ወርክሾፖችን እንዲሁም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ይይዛል። ንድፉን ማን እንደሚሠራው፣ ማን እንደሚቆጣጠረው በምድቡ ይወሰናል። ተቋራጮችም ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 10 ተመድበዋል። ሲሚንቶው ደረጃ አለው፣ ብረቱም በሚሊሜትር ይለካል። በዚያ ከፍታ ላይ ወጥቶ ብረቱን ከብረት የሚያጋጥመው ሰው ግን ምን ምድብ ላይ ነው? በመዝገብ ቢፈለግ «የቀን ሠራተኛ» ተብሎ ነው የሚገኘው። ከጥበቃው፣ ከአሸዋ ነፊውና ከሻይ አፍዪዋ ጋር አንድ ላይ።

ምድብ ስንል ክብር ለመስጠት ብቻ አይደለም፤ ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ምክንያት አለው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1884 በቢስማርክ ዘመን የሥራ ላይ አደጋ መድንን በሕግ ሲያቋቁሙ መዋጮውን በአሠሪዎች ላይ አደረጉት፤ በተግባርም የእያንዳንዱ ሥራ አደገኛነት እየተመዘነ የአደጋ ደረጃ ወጣለት። በአሜሪካ ዛሬም የመድን ድርጅቶች የሚጠቀሙበት የሥራ ዓይነቶች ዝርዝር አለ። በዚያ ዝርዝር ላይ የሕንፃ ብረት መዋቅር የሚያቆሙ ሠራተኞች 5040 በሚል ቁጥር፣ የቢሮ ጸሐፊዎች ደግሞ 8810 በሚል ቁጥር ይታወቃሉ። ለጸሐፊው ከየ100 ዶላር ደመወዙ ላይ የሚከፈለው አረቦን ሳንቲም ነው፤ ለብረት አቋሚው ግን ዶላሮች ናቸው። ብዙ አደጋ የሚደርስበት ድርጅት አረቦኑ ይጨምራል፣ ሠራተኛውን የሚጠብቅ ድርጅት ይቀንስለታል። ቀበቶና መረብ መግዛት ካሳ ከመክፈል የሚረክስበት ሁኔታ ተፈጠረ ማለት ነው። ማታለልም አልጠፋም። ብረት አቋሚዎቹን ጸሐፊ አስመስሎ የሚያስመዘግብ አሠሪ ስላለ የመድን ድርጅቶቹ የደመወዝ መዝገብ የሚመረምሩ ሰዎችን ይልካሉ። እኛ አሜሪካ እንሁን አላልንም። ነገሩ የሚሠራበት መንገድ ግን ከአገር አገር አይለይም።

በእኛ አገር ያለውስ? በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ መውጣቱ መልካም ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል። በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳትም በዚያ ሥርዓት ውስጥ ተካቷል። አሠሪው ከደመወዙ 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። ልብ በሉ፤ ባንክ ቤት ውስጥ ለሚቀመጠው ገንዘብ ከፋይም 11 በመቶ ነው፣ አሥር ሜትር ላይ ለሚበይደውም 11 በመቶ ነው። ሠራተኛ ያልጣለ ተቋራጭና በየዓመቱ ሰው የሚቀብር ተቋራጭ እኩል ይከፍላሉ። ለመከላከያና ለፖሊስ አባላት መንግሥት የሚያዋጣው መጠን ከሲቪሉ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ምክንያቱ አደጋው ብቻ ሳይሆን ጡረታ የሚወጡበት ዕድሜም ጭምር ነው። ቢሆንም ሥራ ከሥራ ተለይቶ መዋጮ ሊወሰንበት እንደሚችል ያሳያል። ዛሬ እዚህ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቦታ የሚሠራው የቀን ሠራተኛ ደግሞ በአብዛኛው ከዚህ ሥርዓት ጭራሽ ውጪ ነው።

የመድን ድርጅቶቻችን የሠራተኞች ጉዳት ካሳ ኢንሹራንስ አይሸጡም እንዳይባል፣ ይሸጣሉ። የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም በ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተቋቋሙት የግል ድርጅቶችም ይሸጣሉ። ሲሸጡም የሠራተኛውን ብዛት፣ የሥራውን ዓይነትና የዓመት ደመወዙን ጠይቀው ነው። ትልልቅ የመንግሥትና የውጭ ተቋራጮች ፕሮጀክቶች በውላቸው ውስጥ ይህን ዓይነት ሽፋን ይጠይቃሉ። ስለዚህ መንገድ የሚሠራ የውጭ ኩባንያ ያለው ሠራተኛ ዋስትና ሊኖረው ይችላል፤ በዓለም ባንክ ሰፈር የአንድ ነጋዴን መጋዘን የሚያቆመው ልጅ ግን የለውም። አንዱ ያለው፣ ሌላው የሌለው፣ አደጋው ተለያይቶ አይደለም። ለአንደኛው የገንዘብ ሰጪው ውል ስላስገደደ ነው።

በ1996ቱ አዋጅ ላይ የትኞቹ ድርጅቶች ለጉዳት ካሳ የመድን ሽፋን ሊኖራቸው እንደሚገባ ሚኒስትሩ በመመሪያ ሊወስን እንደሚችል ተጽፎ ነበር። ሥልጣኑ ነበረ ማለት ነው። በዚያ ሥልጣን ተጠቅሞ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሠራን የብረት ሥራ በግንባር ቀደምትነት ማስገደድ ይቻል ነበር። ኢሕአዴግ በሥልጣን በቆየባቸው ዓመታት ሕንፃው ሲበዛ፣ ከዚያም በኋላ የመጣው መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱን ጀምሮ ቀንና ሌሊት ሲያሠራ፣ የሕንፃው ቁጥር በየመድረኩ ተነገረ። የወደቁት ሰዎች ቁጥር ግን በየመድረኩ ሲነገር አልሰማንም።

«ማስገደድ አይቻልም፣ ኢኮኖሚያችን አይሸከመውም» ለሚሉን አንድ የምታውቁት ምሳሌ እናንሳ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 559፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 799፣ ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ በመንገድ ላይ እንዳይንቀሳቀስ ከልክለዋል። ተለጣፊው በመስታወቱ ላይ ከሌለ ትራፊክ ፖሊስ ያስቆመዋል። ባለታክሲው አጉረመረመ፣ ከፈለ፣ ዛሬ ለምዶታል። የተገጨ ሰው ድንገተኛ ሕክምና የሚያገኝበት መንገድም ተበጀ። ታዲያ በአየር ጤና አስፋልት ላይ የምትሄድ አንዲት ሚኒባስ ያለ መድን መንቀሳቀስ ካልቻለች፣ ከአስፋልቱ ዳር የቆመው ሕንፃ ያለ መድን እንዴት ወደ ሰማይ ይወጣል?

ጎረቤቶቻችንም ቀድመውናል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው የሥራ ላይ ጉዳት ሕግ አሠሪ ሁሉ መድን እንዲገባ አስገድዳለች፤ ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጪ ለሆነ ሠራተኛም የ96 ወር ገቢው እንዲከፈል ወስናለች። የእኛ የአምስት ዓመት ስሌት 60 ወር ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ ሕግ አሠሪዎችን በሥራቸው አደገኛነት መድባ ታስከፍላለች። ህንድ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመንን መንገድ አሳይታለች። የግንባታ ሠራተኛ ከቦታ ቦታ ስለሚዘዋወር በስሙና በደመወዙ መከታተል አስቸጋሪ መሆኑን አይታ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ ክፍያውን ከሕንፃው ወጪ ላይ በመቶኛ እንዲነሳ አደረገች፤ 1 በመቶ። አፈጻጸሙ ላይ እዚያም ብዙ ቅሬታ አለ፤ ገንዘቡ ተሰብስቦ ለሠራተኛው ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። ሰውየው ቢጠፋ ሕንፃው አይጠፋም።

እስከዚያው ድረስ ሸክሙ የወደቀው በማን ላይ ነው? በእናንተ ላይ ነው። የሞተ እንደሆነ ድንኳን የሚተክለው፣ ለቀስተኛ የሚያበላው ዕድሩ ነው። ሠራተኛው ከጉራጌ፣ ከወላይታ ወይም ከጎጃም የመጣ እንደሆነ አስከሬኑን ወደ አገሩ ለመላክ የሰፈሩ ሰው ብር ያዋጣል፤ ሕጉ ለቀብር ማስፈጸሚያ አሠሪው እንዲከፍል ያዘዘ ቢሆንም ማለት ነው። በሕይወት ከተረፈ ደግሞ እናቱ ማዳበሪያ ይዛ ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ትዞራለች። እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ፣ ዘነበ ወርቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የቆየው የአለርት ሆስፒታል አለ። ሰው ሠራሽ አካል የሚሠራበት ክፍልም አለው። እግሩን ያጣ የብረት ሠራተኛ ከዚያ ክፍል በር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ ያ እግር በሕግ የአሠሪው ዕዳ መሆኑን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ፓርቲያችን ቢመረጥ ምን ያደርጋል?

ቃል የምንገባውን ከማንገባው እንለይ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሚወጣው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የከተማው ምክር ቤት ሊለውጠው አይችልም። ይለውጣል የሚል የከተማ እጩ ካጋጠማችሁ አታላይ ነው ወይም ሕገ መንግሥቱን አላነበበም። ሆኖም የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ከተማው ነው። ስለዚህ የከተማ እጩዎቻችን የሚታገሉት በምድብ «ለ» እና «ሐ» ላሉ ሕንፃዎች የግንባታ ሥራ ማስጀመሪያ ከመሰጠቱ በፊት በግንባታው ቦታ ላይ ለሚገኝ ማንኛውም ሰው፣ በስም ቢመዘገብም ባይመዘገብም፣ የመድን ሽፋን መገባቱን የሚያሳይ ሰነድ እንዲቀርብ ለማድረግ ነው። አረቦኑ ከሕንፃው ወጪ ላይ ይሰላል። የብረት መዋቅር ተከላ፣ የጣሪያ ትራስ፣ የማማና የማስታወቂያ ሰሌዳ ተከላ፣ ጥልቅ ቁፋሮና የማፍረስ ሥራ በከፍተኛ የአደጋ ምድብ ይመደባሉ። ምድቡ የሚወሰነው በድርጅቱ ስም ሳይሆን በዚያ ቀን በሚሠራው ሥራ ነው። ቀለም ቀቢ ድርጅት ብረት ሊሰቅል ከወጣ በብረት ሰቃይ ምድብ ይከፍላል።

ለፓርላማ የምናቀርባቸው እጩዎች ደግሞ ሁለት ነገር ይዘው ይገባሉ። አንደኛው፣ ሥራውን ቆርጦ የሰጠ ዋና ተቋራጭ፣ ቆርጦ የወሰደው ሰው መክፈል ባልቻለ ጊዜ በካሳው እንዲጠየቅ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ የጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት አባላት ለጉዳት ካሳ ጉዳይ ብቻ እንደ ሠራተኛ እንዲቆጠሩ፣ ሥራውን የሰጣቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ከሆነ አረቦናቸውን በውሉ ዋጋ ውስጥ እንዲያካትት ማድረግ ነው። የይርጋው ዘመን ጉዳይም አብሮ ይነሳል። የተጎዳ ሰው አልጋ ላይ የተኛበት ጊዜ ሊቆጠርበት አይገባም።

ወጪውስ? የቤት ዋጋ ይንራል የሚል ተቃውሞ ይመጣል። ለምሳሌ ያህል በአንድ መጋዘን ላይ ለሠራተኛ የሚወጣው ገንዘብ በጠቅላላው 2,000,000 ብር ቢሆንና የአረቦኑ ምጣኔ 3 በመቶ ነው ብንል፣ 60,000 ብር ነው። መጋዘኑን የሚያሠራው ነጋዴ ለበሩ ቀለምና ለምርቃቱ ድግስ ከዚህ በላይ ሊያወጣ ይችላል። ምጣኔው እየተጠና የሚወሰን ነው፤ እኛ እዚህ የጠቀስነው ለስሌት ብቻ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብረት ላይ የመጣውን የዋጋ ጭማሪ የቻለ ሕንፃ ይህችን አይችልም ብሎ መከራከር ያስቸግራል።

አንድ ጉድለት እንዳለብን እናምናለን። ምድብ «ሀ»ን፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ለራሱ የሚሠራትን ቤት፣ ለጊዜው ከግዴታው ውጪ አድርገናል። በወይራ ሰፈር ባለ ሁለት ክፍል ቤቷን ለመሥራት ዓመታት ያጠራቀመች እናት ላይ ተጨማሪ ወረቀት ብንጭን ቤቷን በሌሊት በድብቅ እንድትሠራ ማድረጋችን ነው፤ ያ ደግሞ ለሠራተኛው ይብስበታል። ቢሆንም ከዚያች ቤት ጣሪያም ሰው ይወድቃል። ለእነዚህ ቤቶች አነስተኛና ቁርጥ ያለ ክፍያ በወረዳው በኩል እንዲከፈል የሚያስችል መንገድ ይኖር እንደሆነ ከመድን ድርጅቶችና ከዕድሮች ጋር ለመነጋገር አስበናል። መልሱን አግኝተናል ብለን ግን አንዋሻችሁም።

በመጨረሻ አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር። በየግንባታው በር ላይ ሰሌዳ አለ። የሕንፃው ባለቤት፣ አማካሪው፣ ተቋራጩ ተብሎ ተጽፎበታል። በዚያ ሰሌዳ ላይ አራተኛ መስመር እንዲጨመር እንጠይቃለን፤ ሠራተኞቹ የተመዘገቡበት የመድን ድርጅት ስም፣ የውሉ ቁጥርና አደጋ ሲደርስ የሚደወልበት ስልክ። ይህን ለማድረግ አዋጅ አያስፈልግም፣ የፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ ይበቃል። እጩዎቻችን በየወረዳችሁና በየዕድራችሁ ስብሰባ ሲመጡ ይህን አራተኛ መስመር አንስታችሁ ጠይቋቸው። ዘንግተውት የሚገኝ እጩ ካለ ይህችን በራሪ ጽሑፍ አውጥታችሁ አሳዩት።